ሁለቱ ዲናርና የማደሪያው ጠባቂ

ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ በወንበዴዎች እጅ ስለ ወደቀው መንገደኛ በወንጌል የተነገረውን ምሳሌ ያልሰማ ክርስቲያን የለም፤ ካህኑና ሌዋዊው አይተው እንዳለፉ፥ ሳምራዊው ግን ቍስሉን በዘይትና በወይን አክሞ፥ በራሱ እንስሳ ላይ ጭኖ ወደ እንግዶች ማደሪያ እንዳደረሰው ሁላችን እናውቃለን። በየዐውደ ምሕረቱ ስለ ካህኑ ጭካኔና ስለ ሳምራዊው ርኅራኄ ብዙ ይሰበካል፤ ሊቃውንትም ማደሪያውን በቤተ ክርስቲያን፥ ሁለቱን ዲናር በብሉይና በሐዲስ እየመሰሉ ተርጕመውታል። ነገር ግን በዚህ ምሳሌ ውስጥ አንዲት ቃል ሳይናገር የሚቀር፥ ስሙም አገሩም የማይጠቀስ አንድ ሰው አለ፤ እርሱም በማግሥቱ ሳምራዊው መንገዱን ሲቀጥል ቍስለኛውን የተረከበው የማደሪያው ጠባቂ ነው። ሳምራዊው ያስታመመው አንድ ሌሊት ነው፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ጨርቁን የለወጠ፥ ውሃ ያጠጣ፥ የሚሸተውን ቍስል ያጠበ፥ በሌሊት የሲቃ ድምፅ በሰማ ጊዜ ከመኝታው የተነሣ ጠባቂው ነው፤ ይህንም ሁሉ ያደረገው ዋጋ ተቀብሎ ነው።

ከዚህ የሚነሣው ጥያቄ ሲናገሩት ትንሽ ይመስላል፤ ሲመረምሩት ግን ጥልቅ ነው። ደመወዝ ተቀብሎ የሚደረግ ርኅራኄ ርኅራኄ ሊባል ይችላልን? ይልቁንም ደመወዙ ከበሽተኛው እጅ የማይመጣ፥ ከቤቱ ባለቤት የሚመጣ ሲሆን፥ ቤቱም ለመሸጥ ወይም ለመሸመን የተሠራ ሲሆን፥ በዚያ ቤት ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ተሰጥቶት የሚያክም ሰው የማን አገልጋይ ነው? ያለ ዋጋ መፈወስ ታላቅ ትሩፋት እንደ ሆነ የሚክድ የለም፤ ቤተ ክርስቲያናችን በኅዳር 22 ቀን የምታስባቸው ሰማዕታት ቆዝሞስና ድምያኖስ የሕክምናን ጥበብ ተምረው ድኻውንም ባለጸጋውንም አንዳች ሳይቀበሉ በመፈወሳቸው ይመሰገናሉ። ሆኖም ያው የእምነት ትምህርት ዋጋ መቀበልን ኃጢአት አላደረገውም፤ መጽሐፈ ሲራክ ሐኪም የእግዚአብሔር ፍጥረት ስለ ሆነ ሊከበር እንደሚገባው፥ ከንጉሥም ስጦታ እንደሚቀበል ያስተምራልና።

በዮሐንስ ወንጌል ተኵላ ሲመጣ በጎቹን ትቶ ስለሚሸሸው ምንደኛ እረኛ የተነገረውን ሰምተው ደመወዝተኛን ሁሉ የሚንቁ ሰዎች አሉ። እኔ ግን ሁለቱን ምሳሌዎች ጎን ለጎን አድርጎ የሚያነብ ሰው ወደዚህ ፍርድ የሚደርስ አይመስለኝም። ምንደኛውም የማደሪያው ጠባቂም ለዋጋ የሚሠሩ ናቸው፤ ነገር ግን አንደኛው ተነቅፏል፥ ሁለተኛውን ግን ሳምራዊው ያለ ዋስና ያለ ምስክር አምኖ ያዘነለትን ሰው ሕይወት አስረክቦታል፥ ከሁለቱ ዲናር በላይ ቢያወጣም በመመለሻው እንደሚከፍለው ተስፋ ሰጥቶታል። እንግዲህ ሁለቱን የሚለያቸው ተኵላው በመጣ ዕለት እግራቸው ወዴት እንደሚያቀና ነው። ስለዚህም ስለ ተቀጣሪው ሐኪም ስንመረምር፥ ማን ይከፍለዋል ከማለት አስቀድመን በእርሱ ቤት ተኵላው ማን ነው ብለን መጠየቅ ይገባናል።

ይህ ነገር በዘመናችን የብዙ ነርሶችና ሐኪሞች የዕለት ኑሮ ሆኗል። በ2000 ዓመት (በዚህ ጽሑፍ የውጭውን አገር ነገር ስናነሣ ዓመቱ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በአሜሪካ በሚኒሶታ፥ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ከተሞች፥ ከብ ፉድስ በሚባሉ የምግብ ገበያዎች ውስጥ ክዊክሜድክስ የሚል ስም ያላቸው ትንንሽ ክሊኒኮች ተከፈቱ፤ ኋላም ስማቸው ሚኒት ክሊኒክ ተባለ፥ በ2006 ደግሞ ሲቪኤስ የተባለው የመድኃኒት መደብሮች ኩባንያ ገዛቸው። ወደዚያ የሚሄድ በሽተኛ ቀጠሮ አያስፈልገውም፤ የሕክምናውም ዋጋ አስቀድሞ በግልጥ ተጽፎ ይታያል። የሚያክሙት በአብዛኛው ነርስ ፕራክቲሽነር የሚባሉ፥ ከነርስነት በላይ ተምረው የመመርመርና መድኃኒት የማዘዝ ሥልጣን ያገኙ ባለሙያዎች ናቸው፤ ይህንም ሙያ በ1965 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት ሎሬታ ፎርድ የተባሉት ነርስና የሕፃናት ሐኪሙ ሄንሪ ሲልቨር ሲሆኑ፥ አሳባቸው ሐኪም በማይበቃበት ሥፍራ ያሉ ሕፃናት ጤናቸውን የሚጠብቅላቸው እንዲያገኙ ነበር። ሕክምና በሳሙናና በዳቦ መካከል መቀመጧ ክብሯን ያዋርዳል የሚሉ አሉ። ይህ ነቀፌታ ለእኔ አይዋጥልኝም፤ ጌታ በምድር በተመላለሰበት ዘመን ድውያንን ያኖሩለት በየገበያው ጭምር ነበርና። ዋጋው አስቀድሞ መታወቁም ለድኻ አንድ ዓይነት ምሕረት ነው፤ በዚያ አገር ድኻን ከሐኪም ደጃፍ የሚመልሰው ብዙ ጊዜ ኋላ በፖስታ የሚመጣው ያልታወቀ ሒሳብ ነውና።

በዋሽንግተን አካባቢ በአንድ የመድኃኒት መደብር ክሊኒክ የምትሠራ አንዲት የአገራችን ልጅ ያጫወተችኝ ነገር አለ። አንድ ቅዳሜ ማታ አንድ ሽማግሌ ታክሲ ነጂ ጕሮሯቸውን ይዘው ገቡ፤ አማርኛ መናገሯን ባወቁ ጊዜም ፊታቸው በራ። «ልጄ፥ አንቲባዮቲኩን ብቻ ጻፊልኝ፤ መኪናዬን ያቆምሁት ሰዓት በሚቈጥርበት ቦታ ነው» አሏት። እርሷም ጕሮሯቸውን በጥጥ ጠርጋ በጥቂት ደቂቃ ውጤቱን በሚያሳየው መመርመሪያ ብታየው፥ እንደ አብዛኛው የጕሮሮ ሕመም ሁሉ ይህም ባክቴሪያ ያመጣው ሆኖ አልተገኘም፤ አንቲባዮቲክም አይረዳውም። የመጡበት ጉዳይ በዚህ ያልቃል። ነገር ግን ሲገቡ የለካችው የደም ግፊት 192 በ110 ነበርና ዝም ብለው እንዲቀመጡ አድርጋ ቈይታ ደግማ ለካችው፤ ብዙም አልወረደም። «አባባ፥ ጕሮሮዎ በራሱ ይድናል፤ እኔን ያስፈራኝ ይህኛው ነው። የግፊት መድኃኒት ይወስዱ ነበር?» አለቻቸው። «እወስድ ነበር፤ ምንም የሚያመኝ ነገር ስላልነበረ ተውሁት» አሉ። በዚያን ጊዜ በደጅ የሚጠብቁት ሰዎች ስም በኮምፒዩተሩ ላይ ተደርድሮ ይታያት ነበር። እርሷ ግን ስለ ደረታቸው፥ ስለ ዐይናቸው፥ ስለ ራስ ምታታቸው አንድ በአንድ ጠየቀች፤ ለዚያች ሌሊት የሚያሰጋ ምልክት አለመኖሩን ካረጋገጠች በኋላ፥ ኢንሹራንስ የሌለውን ሰው በአቅሙ በሚያክም ጤና ጣቢያ ለሰኞ ቀጠሮ አስያዘችላቸው፤ መድኃኒቱን እንደ ምን እንደሚወስዱ፥ ምን ምን ምልክት ቢያዩ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል እንደሚሄዱ በገዛ እጇ በአማርኛ ጽፋ ሰጠቻቸው። ሽማግሌው ሲወጡ ደስ ያላቸው አይመስሉም ነበር፤ የመጡበትን አላገኙምና።

በመደብሩ ሒሳብ ላይ በዚያች ሰዓት የሚታየው አንድ የጕሮሮ ሕመም ብቻ ነው። እንግዲህ በዚህ ቤት ተኵላው ጥድፊያ ነው፤ እርሱም በሁለት በር ይገባል፥ በአንዱ በር ከበሽተኛው ጋር፥ በሌላው በር ከቤቱ ሥርዓት ጋር። መርማሪና መድኃኒት ሻጭ በአንድ ጣራ ሥር ሲውሉ የሚመጣውን ፈተና የጥንት ሰዎችም አላጡትም፤ በ13ኛው ምዕተ ዓመት ሲሲሊያን የገዛው ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ 2ኛ ሐኪም ከመድኃኒት ቀማሚ ጋር በንግድ እንዳይሻረክ፥ የራሱም የመድኃኒት መደብር እንዳይኖረው በሕግ ከልክሎ ነበር። ንጉሡ የፈራው የሐኪሞችን ክፋት ብቻ አይመስለኝም፤ የሰው ልጅ ሁሉ ያለበትን የልብ ድካም ነው። ጥቅሙና ፍርዱ በአንድ መንገድ የሚሄዱለት ሰው፥ ፍርዱ በጥቅሙ እየተጎተተ መሆኑን ራሱ እንኳ አያስተውለውም፤ ይህ ዓይነቱ ስሕተት በጸሎት ጊዜ ሕሊናን ሲመረምሩት የማይገኝ በመሆኑ ከግልጡ ኃጢአት ይልቅ ያስፈራል።

ከጥድፊያው የሚከፋ ሌላም አለ፤ እርሱም የቤቱ መዘጋት ነው። ዎልማርት የተባለው ታላቅ የገበያ ኩባንያ በ2019 በጆርጂያ የመጀመሪያውን የጤና ማእከል ከፍቶ በአምስት ግዛቶች 51 ካደረሳቸው በኋላ፥ በሚያዝያ 2024 ሁሉንም እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ የሰጠውም ምክንያት የሕክምናው ክፍያና የሚናረው ወጪ ሥራውን በትርፍ ሊያዘልቁት አልቻሉም የሚል ነበር። ነጋዴ የሚከስርበትን ንግድ ቢተው በንግድ ሥርዓት አይወቀስም። ነገር ግን የስኳር ሕመሟን ገና መቈጣጠር የጀመረች ሴት፥ ምሥጢሯን የምታዋየው ሰው ያገኘች፥ በማግሥቱ የተዘጋ በር ስታገኝ የደረሰባት ነገር በንግድ ቋንቋ ብቻ የሚነገር አይደለም። እዚያ ይሠሩ የነበሩት ነርሶችና ሐኪሞች አልሸሹም፤ ቤቱ በላያቸው ተዘጋ እንጂ። ከዚህ የምንረዳው ምንደኛነት የአንድ ሰው ጠባይ ብቻ እንዳይደለ፥ የአንድ ቤት አሠራርም ሊሆን እንደሚችል ነው፤ በውስጡ ያሉት ሰዎች ሁሉ ደጎች ሆነው ሳሉ ቤቱ ራሱ ምንደኛ ሊሆን ይችላል።

ወደ ፋብሪካው ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል፤ ገበያ የገባ ሰው ካልወደደ ይወጣል፥ ሠራተኛ ግን እንጀራው በዚያ ነውና አይወጣም። የሠራተኞችን ደዌ በየሙያቸው ለይቶ የጻፈው ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ ነው። በሞዴና ከተማ በገዛ ቤቱ የመጸዳጃ ጕድጓድ የሚጠርግ አንድ ሠራተኛ ያለ ዕረፍት ሲጣደፍ አይቶ ምክንያቱን ቢጠይቀው፥ በዚያ ጕድጓድ ብዙ የሚቈይ ሰው ዐይኑ እየተቃጠለ እንደሚታወር ነገረው። ከዚያ ወዲያ ራማዚኒ ወደየሥራው ቦታ እየወረደ ያየውን በ1700 መጽሐፍ አድርጎ አሳተመ፤ በዚያም፥ ሐኪሞች ከጥንት ጀምሮ በሽተኛን በሚጠይቁት ላይ ሥራህ ምንድን ነው የሚል አንድ ጥያቄ እንዲጨምሩ መከረ። ይህ ተራ ጥያቄ ይመስላል፤ ነገር ግን ጠያቂው የፋብሪካው ተቀጣሪ በሆነ ጊዜ መልሱ ፋብሪካውን ይከስሳል።

ይህን ስል አሠሪና ሐኪም በተገናኙ ቍጥር ክፉ ይወለዳል ማለቴ አይደለም። በ1933 ወጣቱ ሐኪም ሲድኒ ጋርፊልድ ከኮሎራዶ ወንዝ ወደ ሎስ አንጀለስ አካባቢ ውሃ የሚወስደውን ቦይ ለሚቈፍሩ ሠራተኞች በካሊፎርኒያ በረሃ 12 አልጋ ያለው ሆስፒታል ሠራ፤ ሆስፒታሉ በዕዳ ሊዘጋ በተቃረበ ጊዜ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚከፍለው ኢንሹራንስ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በቀን 5 ሳንቲም አስቀድሞ እንዲከፍል፥ ሠራተኛውም ከሥራው ላልመጣ ሕመም ሌላ 5 ሳንቲም እንዲያዋጣ ተስማሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሐኪሙ ጥቅም ተገለበጠ፤ አስቀድሞ ሰው ሲጎዳ ይከፈለው የነበረው፥ አሁን ሰው ሳይጎዳ ሲውል ይተርፈው ጀመርና በሥራው ቦታ አደጋ የሚያመጣው ነገር ሁሉ እንዲወገድ ይወተውት ነበር። ኋላ ካይዘር ፐርማነንቴ የተባለው፥ በ1945 ለሕዝብ ሁሉ የተከፈተው ታላቅ ድርጅት ከዚህ ሥራ በቅሏል። ጥቅምን ወደ ጽድቅ አቅጣጫ ማዞር የሚቻል መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

ነገር ግን በዚያው አገር በአፓላቺያ ተራሮች በድንጋይ ከሰል ማዕድን ከተሞች የሆነው ሌላ ነው፤ እኔን በዚህ ጉዳይ ላይ ከሁሉ የበለጠ ያሳሰበኝም እርሱ ነው። በእነዚያ ከተሞች የኩባንያው ሐኪም ደመወዝ ይከፈል የነበረው በየወሩ ከማዕድን ሠራተኞቹ ከራሳቸው ደመወዝ እየተቈረጠ ነበር። ሐኪሙን የሚመርጠውና የሚያሰናብተው ግን ኩባንያው ነበር። ሠራተኞቹ በከሰሉ አቧራ ሳንባቸው ጠቍሮ፥ ጥቂት እርምጃ መራመድ እያቃታቸው ሲመጡ፥ ብዙዎቹ የኩባንያ ሐኪሞች ይህ የማዕድን ሠራተኛ ሁሉ የሚያገኘው ተራ የትንፋሽ ማጠር ነው እያሉ ይመልሷቸው ነበር። በየካቲት 1969 በዌስት ቨርጂኒያ በአሥር ሺህ የሚቈጠሩ ሠራተኞች ሥራ አቁመው፥ ባፍ፥ ራስሙሰንና ዌልስ የተባሉት ሦስት ሐኪሞችም በየአዳራሹ እየዞሩ የሳንባውን ደዌ እውነት ከመሰከሩ በኋላ፥ በዚያው ዓመት መጨረሻ የማዕድን ሠራተኞችን ጤና የሚጠብቅ ሕግ በፌዴራሉ መንግሥት ወጣ። ልብ እንበል፤ ከፋዩ በሽተኛው ራሱ ነበር፥ ሐኪሙ ግን ለከፋዩ አላገለገለም። ያገለገለው ሊያባርረው ለሚችለው ነው። እንግዲህ የሰው ጌታ የሚታወቀው ገንዘቡ ከወጣበት ኪስ ይልቅ በሚፈራው እጅ ነው፤ የሐኪሙን ነጻነት የምንመዝንበት ሚዛንም ይኸው ፍርሃት ነው።

ይህ ሚዛን ለእኛም አገር ይሠራል። አንድ የማውቀው ጤና መኮንን በወጣትነቱ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክሊኒክ ውስጥ ሠርቷል። ጥጥ ከሚፈለቀቅበትና ከሚባዘትበት ክፍል አንዲት ሴት እየደጋገመች ትመጣ ነበር፤ በነጠላዋና በቅንድቧ ላይ ነጭ ብናኝ እንዳረፈ ነው። «ዶክተር፥ ሰኞ ሰኞ ደረቴን ያፍነኛል፤ እንደ ገመድ ያስረኛል። እያደር ይሻለኛል፥ ዓርብ ደኅና ነኝ» ትለው ነበር። ፎርማኑ ደግሞ ክሊኒኩ ድረስ መጥቶ፥ «ሁልጊዜ ሰኞ የሚያማት እሑድን ስታከብር እየዋለች ነው፤ የሕመም ፈቃድ እንዳትሰጣት» አለ። ሁለቱም የተናገሩት ስለ አንድ ነገር ነው፤ ስለ ሰኞ። ለፎርማኑ ሰኞ የስንፍና ማስረጃ ነበረች። የጥጥ አቧራ የሚያመጣውን፥ ባይሲኖሲስ የተባለውን የሳንባ ደዌ ለተማረ ሰው ግን ሰኞ የደዌው ዋና ምልክት ናት፤ ሳንባው ከአቧራው አንድ ቀን ዐርፎ ሲመለስ የሚጠብበው በመጀመሪያው ቀን ነውና፤ ዓመታት ሲያልፉ ማክሰኞንም ረቡዕንም ይወስዳል፥ በመጨረሻም ዕረፍት ቢያገኝ እንኳ የማይለቅ ይሆናል። ጤና መኮንኑ የሰማውን አመነ፤ ፈቃዱን ሰጥቶ፥ ሴቲቱ አቧራ ወደሌለበት ክፍል እንድትዛወር ለአስተዳደሩ ጻፈ። አስተዳደሩም ወደ ማሸጊያ ክፍል አዛወራት፤ ነገር ግን የአቧራው አበልና የምርቱ ጉርሻ ቀረባት፥ ልጆቿን የምታስተምርበት ገንዘብ ያ ነበር። ይህን ያዩ ጓደኞቿ ከዚያ ሰኞ ጀምሮ ወደ ክሊኒኩ መምጣት ተዉ። ደረታቸው ዳነ ማለት ግን አይደለም።

እንደዚህ ያለው ነገር ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም፤ በነፍስ አባት ሥርዓት ብዙ ዘመን ኖረንበታልና። በቀድሞው ዘመን አንድ የነፍስ አባት ጌታውንም አሽከሩንም በአንድ ቤት ያናዝዝ ነበር፤ የሚበላውና የሚጠጣው በጌታው ማዕድ ነው፥ በበዓል ቀን ሙዳ የሚላክለት ከጌታው ቤት ነው። ሆኖም አሽከሩ በንስሐ የነገረውን ለጌታው ያወጣ እንደ ሆነ በእግዚአብሔርም በሰውም ፊት ክህነቱን ያረከሰ ሰው ነው፤ የበላው እንጀራ ምክንያት ሊሆነው አይችልም። የፋብሪካውም ሐኪም እንደዚሁ በአሠሪው ማዕድ እየበላ የሠራተኛውን ኑዛዜ ይሰማል፤ የሚጥል በሽታ እንዳለበት፥ እርጉዝ መሆኗን፥ በደሙ ውስጥ ምን እንደ ተገኘ ያውቃል። ይህን ሁሉ ከአስተዳደሩ መሰወር አለበት፤ ለአስተዳደሩ የሚገባው ይህ ሰው ይህን ሥራ መሥራት ይችላል ወይም አይችልም የሚለው ቃል ብቻ ነው። ነገር ግን በዚህ ላይ ከነፍስ አባት የሚለይበት አንድ ነገር አለ። የነፍስ አባት ግዴታው በዝምታ ይፈጸማል፤ የሐኪሙ ግን በዝምታ ብቻ አይፈጸምም። ስለ ሰውየው ዝም የማለት ግዴታ ያለበትን ያህል፥ ስለ አቧራው የመጮኽ ግዴታ አለበት። ብዙ ጊዜ የሚታየው የዚህ ግልባጭ ነው፤ የሠራተኛው ምሥጢር በቢሮ ይወራል፥ የመኪናው ጥፋት ግን ምሥጢር ሆኖ ይኖራል።

ስለ አቧራው ለመጮኽ አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል፤ ለማየት ደግሞ በሽተኞችን አንድ በአንድ ማከም አይበቃም። በወንጂ የስኳር እርሻ ለብዙ ዓመታት ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው ይጠጡት በነበረው የጕድጓድ ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ ከመጠን በላይ ነበረበት፤ በስምጥ ሸለቆ ከጥልቅ የሚወጣ ውሃ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነውና። የልጆቹ ጥርስ ይበልዝ ነበር፤ ብዙ ዘመን የኖሩት ሠራተኞች ደግሞ ጀርባቸውና አንገታቸው እየደረቀ፥ አንዳንዶቹም እየጎበጡ እግራቸው እስከ መድከም ደረሱ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትን የመሳሰሉ ተመራማሪዎች የስምጥ ሸለቆውን ደዌ መርምረው ምክንያቱን በጥናት አስረድተዋል። የወገብ ሕመም ብሎ የመጣን ሠራተኛ ክኒን ሰጥቶ ማሰናበት ቀላል ነው፤ ጎረቤቱም፥ የጎረቤቱም ጎረቤት እንዲሁ መታመሙን አስተውሎ፥ ምን ትጠጣላችሁ ብሎ የሚጠይቅ ግን የሁሉንም መዝገብ በአንድ ልብ የሚያነብ ሰው ነው። የፋብሪካው ክሊኒክ ታላቅ ጸጋ ይህ ነው፤ አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ፥ አንድ ዓይነት ውሃ የሚጠጡ ሰዎች ሁሉ በአንድ ደጃፍ ይገባሉና፥ የከተማው ሆስፒታል የማያየውን ነገር ለማየት ከማንም ይልቅ የቀረበ ነው።

ይህን ሁሉ አንድ ሰው በግሉ ድፍረት ይወጣዋል ብሎ መጠበቅ ግን ግፍ ይሆናል። ስለ አቧራው የጮኸችው ነርስ ከሥራ ብትወጣ ልጆቿን የሚያበላ ማን ነው? ቤተ ክርስቲያን ሰማዕታትን ታከብራለች፤ ነገር ግን ማንም ሰው ሌላውን ወደ ሰማዕትነት ገፍቶ እርሱ ከዳር እንዲቆም አላዘዘችም። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1985 ያወጣው ቍጥር 161 ስምምነት ይህን ተረድቶታል፤ በሥራ ቦታ የሚያክሙ ባለሙያዎች በሙያቸው ረገድ ከአሠሪም ከሠራተኛም ፍጹም ነጻነት እንዲኖራቸው ይደነግጋል፥ ሠራተኛ ከሥራ የቀረበትን ምክንያት እንዲያጣሩም በአሠሪው እንዳይገደዱ ይከለክላል። በዚያ ስምምነት መንፈስ ቢሆን ኖሮ ፎርማኑ ወደ ክሊኒኩ በር መምጣት ባልቻለም ነበር። የእኛም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 አሠሪው አዲስ ለሚቀጠሩና በአደገኛ ሥራ ላይ ለተሰማሩ ሠራተኞች እንደ አስፈላጊነቱ የጤና ምርመራ እንዲያደርግ ሲያዝ፥ ያለ ዓለም አቀፍ ስምምነት ግዴታ የኤችአይቪ ምርመራን ከዚህ ለይቶ ያስቀረው የሠራተኛው ደም የአሠሪው መረጃ እንዳይሆን ነው ብዬ አምናለሁ።

ሕግ ግን በወረቀት ላይ ሳለ የሚፈራውን እጅ አይለውጥም። በ2008 ዓ.ም. የተከፈተውን የሐዋሳን የኢንዱስትሪ ፓርክ በመሰሉ ቦታዎች እጅግ ብዙ ወጣት ሴቶች በፈረቃ ይሠራሉ፤ በየፋብሪካው ባሉት ክሊኒኮችም የሚያክሟቸው ነርሶች ብዙዎቹ የእነርሱ እኩዮች ናቸው፥ አለቃቸውም የምርቱን ቍጥር የሚጠብቀው ያው ሥራ አስኪያጅ ነው። አንዲት ተመራቂ ነርስ እንዲህ ያለውን ሥራ ልያዝ ወይስ ልተወው ብላ ብትጠይቀኝ፥ ያዢው እላታለሁ፤ እርሷ ብትሸሽ በቦታው የሚተካ ሌላ ሰው አይጠፋም፥ ምናልባትም ሰኞን የማያውቅ ይሆናል። ለሠራተኛ ማኅበራት መሪዎች ግን የምለው ከዚህ ይከብዳል። የሥራ ደኅንነትና ጤንነት ጉዳይ በኅብረት ስምምነት ሊወሰን የሚችል ነው፤ ስለዚህ ስለ ደመወዝ ጭማሪ በሚከራከሩበት ጠረጴዛ ላይ ሁለት ነገር ጨምረው ያኑሩ። የክሊኒኩ ባለሙያ የሠራተኛና የአሠሪ ተወካዮች ያሉበት ኮሚቴ ሳይመክርበት እንዳይሰናበት፥ በሐኪም ምክር ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ የተዛወረ ሠራተኛም አበሉና ጉርሻው እንዳይቀነስበት ይጻፍ። እንዲህ ያለ አንቀጽ በዚያ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስምምነት ውስጥ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ፥ ከባዘቶው ክፍል የነበሩት ሴቶች ሰኞ ጧት ወደ ክሊኒኩ ለመምጣት ባልፈሩም ነበር።